«ገጣሚው ምን ማለቱ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለ20 ደቂቃ ያቆዩት

ጥያቄ፦ «የ10ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ነኝ። በአንድ ክፍል 54 ተማሪዎች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ለግጥም የተመደበልኝ 8 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ግጥም አንብቤ ‹ገጣሚው ምን ማለቱ ነው?› ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጭጭ ይላል። መልሱን እኔ እስክናገር ይጠብቁና ይገለብጣሉ። የዘይቤ ዓይነቶችን ከነትርጉማቸው በቃላቸው ይወጧቸዋል፤ ፈተና ላይ ግን ‹ተለዋጭ ዘይቤ ተጠቅሟል› ብለው ያቆማሉ። ጻፉ ስላቸው ደግሞ ስንኙ ሁሉ ‹እወድሻለሁ፣ አስብሻለሁ› እያለ ያልቃል። እንዴት እንደማርምላቸውም ግራ ይገባኛል። ባዶ ወረቀት የሚያስረክቡኝም አሉ። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ከጥያቄዎ ይጀምሩ፤ ክፍሉን ጭጭ የሚያሰኘው እሱ ነውና። «ገጣሚው ምን ማለቱ ነው?» ሲባል መልሱ አንድ ቦታ ተደብቆ ያለ፣ የተደበቀበትንም መምህሯ ብቻ የምታውቀው ይመስላል። ግጥሙን ገና አንዴ የሰማ ልጅ በእጁ የሚይዘው ምንም ሳይኖር ወደ ትርጉም ዝለል ተብሏል። ዝም ማለቱ ስንፍና ሳይሆን ብልጠት ነው፤ ትንሽ ከታገሠ እርስዎ እንደሚናገሩ ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄዋን ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ያቆዩዋት። በምትኳ ማንም ልጅ ሊመልሳቸው የሚችሉ ሦስት ጥያቄዎች ይግቡ፦ ምን ሰማችሁ? ምን ታያችሁ? የትኛው ቃል ላይ ቆም አላችሁ? ቅደም ተከተሉ ጆሮ፣ ቆጠራ፣ ቃል፣ ከዚያ ትርጉም ነው። የዘይቤው ስም ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

አሠራሩን ለማሳየት ለዚህ መልስ ብለን ሁለት ስንኝ ሠርተናል። ክፍል ውስጥም ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ፦

ወንበሩ ባዶ ነው፣ ጠረጴዛው ሙሉ፤
ደጅ ደጁን እያዩ ልጆቹ ዝም አሉ።

መጀመሪያ ደብተር ተዘግቶ፣ ሰሌዳውም ባዶ ሆኖ ያንብቡላቸው። ድምፅዎን እንደ ተዋናይ ከፍ ዝቅ አያድርጉት፤ ያን ካደረጉ ስሜቱን እርስዎ ወሰኑላቸው ማለት ነው። ሁለተኛው ንባብ ግጥሙ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በአንድ ተማሪ ድምፅ ይሁን። ሦስተኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ የሚያነቡት ነው፤ 54 ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያነብ ክፍሉ ይጮሃል፣ ግን ከ2 ደቂቃ አያልፍም። ሁልጊዜ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፤ ልጆቹ በየስንኙ መጨረሻ ድምፃቸውን ይጥላሉ፣ ቤት መምቻውን እንደ ሚስማር ይመቱታል፣ ግጥሙም እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይሰማል። መፍትሔው እርሳስ ነው። ሐረጉ በሚያልቅበት አንድ ሰረዝ፣ ሐሳቡ በሚያልቅበት ሁለት ሰረዝ ያስምሩ። ድምፅ የሚወርደው ሁለት ሰረዝ ላይ ብቻ ነው። ሐሳቡ ስንኙን ተሻግሮ የሚፈስ ግጥም ሲመጣ ሁለቱ ምልክቶች የተለያየ ቦታ ያርፋሉ፤ የንባብ ትምህርቱም ያኔ ይጣፍጣል።

ቀጥሎ ቆጠራ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ክፍል ውስጥ ተሳስቶ የሚሰጠው ይህ ነውና። ቀለም ማለት በአንድ ምት የሚነገር ድምፅ ነው፤ ተማሪ ግን «ቀለም ቁጠር» ሲባል ፊደል ይቆጥራል። ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ስንኝ በፊደል ከቆጠረ የመጀመሪያው ሐረግ 8፣ ሁለተኛው 7 ይሆንበታል፤ በሁለተኛው ስንኝም እንዲሁ 8 እና 7። «ምጣኔው አልተስተካከለም» ብሎ ይደመድማል። ጆሮ ግን ሌላ ነው የሚሰማው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ የራሱ አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከፊቱ ባለው ቀለም ላይ ተለጥፎ ይቀራል። «ወንበሩ» ውስጥ ያለው ን፣ «ነው» ላይ ያለው ው የራሳቸው ቀለም የላቸውም፤ 8 ሲቀነስ 2፣ 6። «ጠረጴዛው» መጨረሻ ያለው ው ሲወጣ 7 የነበረው 6 ይሆናል። በሁለተኛው ስንኝ የ«ደጅ» ጅ እና የ«ደጁን» ን፣ ከዚያም የ«ዝም» ም ይወጣሉ። በአንጻሩ የ«ልጆቹ» ል፣ የ«ዝም» ዝ እና የ«እያዩ» እ ሳድስ ቢሆኑም ይነበባሉ፣ ይቆጠራሉም። አራቱም ሐረጎች 6 ቀለም አላቸው ማለት ነው፤ 6 በ6፣ የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ።

ደንቡን ከማስጻፍዎ በፊት በጣት ዴስክ እየመቱ፣ ቃሉን እየጎተቱ ያስቆጥሩ፦ ወን–በ–ሩ–ባ–ዶ–ነው። አንድ ምት፣ አንድ ቀለም። ጆሯቸው ከለመደ በኋላ የሳድሱን ደንብ ራሳቸው ያወጡታል፤ ራሱ ያወጣውን ደንብ ደግሞ ተማሪ አይረሳም። የሌሎቹን ቤቶች ስም በጥቂቱ መንካት ይበቃል፦ 4 በ4 ቡሄ በሉ፣ 5 በ5 ሰንጎ መገን፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው 8 በ8 የጸጋዬ ቤት። ስሙን በቃል ከማጥናት ይልቅ ልዩነቱን በምት ይስሙት። 4 በ4 ይዘላል፣ 8 በ8 ይንከባለላል። አንድ ሐሳብ በሁለቱም ምጣኔ ቢጻፍ ለምን ሌላ ስሜት እንደሚሰጥ ይጠይቋቸው። እዚህ ላይ ቆጠራ ሒሳብ መሆኑ ያበቃል።

ከቆጠራ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ጉዳይ ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም፤ በዓይኑ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ያመልጠዋል። «ዝናብ ሲወርድበት ጣራውም ይሰማል» የሚል ስንኝ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ሁለት ተማሪ ያስነሡ። አንዱ «ይሰማል»ን አላልቶ ያንብበው፤ ጣራው ጆሮ አውጥቶ ያዳምጣል። ሌላው አጥብቆ ያንብበው፤ ከጣራው ድምፅ ይወጣል። አንድ ቃል፣ ሁለት ግጥም። ሰምና ወርቅ የሚባለው ነገር በር ይኸው ነው፤ ስለ ምንነቱ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ከመስጠትዎ በፊት ይህን በጆሯቸው ይስሙ። ሕብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የሚይዝ ቃል፣ ሊሆኑ የሚችሉ ቃላት ከየራሳቸው አፍ ይሰብስቡ፦ «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ»፣ «ይበላል» … ከየጥንዱ 5 ቃል ቢመጣ የሁለት ሳምንት ስንቅ ነው። ለመጻፍ የሚሞክር ልጅ ካለ ምክሩ አጭር ነው። መጀመሪያ ቃሉን ይምረጥ፤ ስንኙ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠው፤ ከዚያ ከፊቱ የሚመጣውን ሐሳብ ለሁለቱም ትርጉም እንዲመች አድርጎ ያዘጋጅለት። ከፊት ጀምሮ እየጻፈ ሕብረ ቃሉን መንገድ ላይ አገኛለሁ የሚል ጀማሪ አያገኘውም።

አሁን ወደ ቃሉ እንግባ። «የትኛው ቃል ላይ ቆም አላችሁ?» ስትባል አብዛኛው «ባዶ» ወይም «ሙሉ» ይላል፤ ጥሩ ነው፣ ይጻፉት። እርስዎ ግን ትንንሾቹን ይጠቁሙ። «ወንበር» ሳይሆን «ወንበሩ» ተብሏል፤ አንድ የታወቀ ወንበር ነው፣ ባለቤትም አለው። «ደጅ» አንዴ ሳይሆን «ደጅ ደጁን» ተብሏል። «ዝም ብለዋል» አልተባለም፣ «ዝም አሉ» ነው፤ ከዚያ በፊት ድምፅ ነበረ ማለት ነው። ሰዋስው እንዲህ ሲሆን ለልጆቹም ሕይወት ይዘራል።

ከዚህ የሚከተል ሁነኛ ልምምድ አለ፤ ቃል ማጉደል። «ልጆቹ ____ አሉ» ብለው ይጻፉና ሦስት አማራጭ ይስጡ፦ ዝም፣ ቁጭ፣ ሳቅ። ሦስቱም አንድ ቀለም ናቸው፣ ሦስቱም ቤት ይመታሉ፤ ስለዚህ በቆጠራ መምረጥ አይቻልም። «ሳቅ አሉ» ቢሆን ደጅ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? ምናልባት የሚጠበቀው ሰው ብቅ ብሏል። «ቁጭ አሉ» ቢሆንስ? መጠበቁ ገና መጀመሩ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ስለ ቃል ምርጫ ይከራከራል፤ ያለ እርስዎ ማብራሪያ።

ሌላው ከዚህ የሚስተካከል ልምምድ ግጥሙን እንደ ዝርው ጽሑፍ ያለ ስንኝ አሰናድቶ መስጠትና ስንኞቹን እንዲመልሱ ማድረግ ነው፤ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። የተመጠነ ግጥም ከሆነ በጆሮ ያገኙታል። ነጻ ግጥም ከሆነ ግን የተለያየ ቦታ ይቆርጡታል፤ «ለምን እዚህ ቆረጥክ?» የሚለው ጥያቄ ያኔ እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። ነጻ ግጥም ማለት የተቆራረጠ ዝርው አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አናውቅም።

20ው ደቂቃ አልቋል። አሁን ያቺ የቆየች ጥያቄ ትምጣ፤ እሷም ልብሷን ለውጣ፦ «ማን ነው የሚጠበቀው?» አንዱ «እናታቸው ሞታ ነው» ይላል። «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» አይበሉት፤ «የትኛው ቃል ነው እንዲህ ያሰኘህ?» ይበሉት። ባዶውን ወንበር ያሳይዎታል። ሌላዋ ትነሣና «ከሞተች ደጅ ለምን ያያሉ?» ትላለች። እሱም «ልማድ ሆኖባቸው ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ሁለቱም ከግጥሙ ላይ ቆመው ነው የሚነጋገሩት። «አባታቸው ዘምቶ ነው» የሚል ሲመጣ ግን ያው ጥያቄ ይጥለዋል፤ የሚደግፈው ቃል የለም። ይህችን ጥያቄ ከያዙ ሁለት ጉድጓድ ያመልጣሉ፦ «መልሱ አንድ ብቻ ነው» የሚለውን፣ እና ከሱ የማይሻለውን «ሁሉም መልስ ትክክል ነው» የሚለውን። ሁለተኛው ደግ ይመስላል፤ ሰነፍ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ስለ ግጥም ምርጫ አንድ ነገር። ለመጀመሪያው ሳምንት ከ8 እስከ 14 ስንኝ ያለው፣ የማይታወቁ ቃላቱ ከ4 የማይበልጡ ይምረጡ። መጨረሻው ላይ ምክር የሚለግስ ግጥም ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ግጥሙ ራሱ «ትርጉሜ ይህ ነው» ብሎ ስለሚጨርስ ለልጆቹ የሚፈለግ ነገር አይተውም። እርስዎ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን ግጥምም ለኋላ ያቆዩት። ልጆቹ ሲያዛጉበት ይከፋዎታል፤ ሲከፋዎት ማብራራት ይጀምራሉ።

ትንታኔ መጻፍ ላይ እንምጣ። «ተለዋጭ ዘይቤ ተጠቅሟል» ብሎ የሚያቆም ተማሪ ያጠፋው የለም፤ የተማረውን ነው የመለሰው። ስም መጥራት ተምሯል፣ ሥራውን መናገር ግን አልተማረም። የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ቢያወጡት ልዩነቱ ይታያል።

ደካማው፦ «ይህ ግጥም በጣም የሚያሳዝን ግጥም ነው። ወንበሩ ባዶ እንደሆነና ልጆቹ ዝም እንዳሉ ይናገራል። ገጣሚው ድግግሞሽና ተቃርኖ ተጠቅሟል። ይህም ግጥሙን ውብ አድርጎታል።»

ጠንካራው፦ «ግጥሙ የሚያሳየው ያላበቃ መጠበቅን ነው። ‹ደጅ ደጁን› የሚለው ድግግሞሽ ልጆቹ አንዴ አይተው እንዳልተዉ ያሳያል፤ ዓይናቸው ተመልሶ ተመልሶ ወደ በሩ ይሄዳል። ‹ዝም አሉ› ደግሞ ከዚያ በፊት ያወሩ እንደነበር ይጠቁማል፤ ዝም ያሰኛቸው ከሞላው ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ነው። ስለ ሐዘን አንድ ቃል ሳይነገር ሐዘኑ የሚሰማን ለዚህ ነው።»

ደካማው ውስጥ ሦስቱ የተለመዱ ጥፋቶች አሉ፦ ግጥሙን ወደ ዝርው መልሶ መተረክ፣ ሥራው ያልተነገረ የዘይቤ ስም፣ ባዶ ውዳሴ። አራተኛው ጥፋት የገጣሚው ሕይወት ነው፤ «ገጣሚው በልጅነቱ ስለተሠቃየ» ብሎ የሚጀምር ወረቀት ግጥሙን ሳያነብ ሊያልቅ ይችላል። በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ሰውና ጽፎ የፈረመው ሰው አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ቀድመው ይንገሯቸው።

የአንቀጹ አጥንት አራት ነው፦ አባባል፣ ማስረጃ፣ አሠራር፣ ውጤት። ማስረጃው ከ4 ቃል አይብለጥ። ሙሉ አርኬ (አንድ ላይ የተደረደሩ ስንኞችን) ገልብጦ ወረቀት የሚሞላ ልጅ የትኛው ቃል እንደሚሠራለት አላወቀም ማለት ነው። ርዝመቱ ከ60 እስከ 80 ቃል ይሁን። ሲያርሙ ደግሞ የዘይቤ ስም ተጠርቶ ሥራው ካልተነገረ ኅዳጉ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ይጻፉ፦ «ታዲያስ?» ሌላ አስተያየት አያስፈልግም። ወረቀቱን መልሰው «ታዲያስ?» ከተባለበት ቦታ እንዲቀጥል 5 ደቂቃ ይስጡት። ብዙዎቹ መልሱ አላቸው፤ የጠየቃቸው አልነበረም።

አሁን ወደ «እወድሻለሁ፣ አስብሻለሁ»። ይህ የስሜት ችግር አይምሰልዎ፤ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቅርጽ ያመጣው ነው። ቋንቋችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፣ የግሱ ጭራ ደግሞ በባለቤቱና በጊዜው ስለሚወሰን አንድ ሰው ስለ ራሱ በተናገረ ቁጥር ያው «–አለሁ» ይመጣል። ቤት መታ ማለት ነው፣ በነጻ! ልጁ አልፈለገም፣ አልመረጠም፤ ሰዋስው ሠራለት። ስለዚህ «ቤት እንዲመታ አድርጉ» ማለት ለእነሱ ምንም አይጨምርም። የሚጠቅመው ሌላ ትእዛዝ ነው፦ ከ4 ስንኝ ቢያንስ 2ቱ በግስ አይለቁ።

«ማታ ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩ» ያለውን ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ያስገልብጡት፦

አነበብኩት ማታ፣ ያን ያንቺን ደብዳቤ

6 በ6 ነው፤ ይቁጠሩት። አሁን ስንኙ በስም አልቋል፣ ልጁም በ«ቤ» የሚያልቅ ቃል መፈለግ አለበት። መጀመሪያ የሚመጣለት «ልቤ» ነው፤ ይከልክሉት። ቀጥሎ «ሐሳቤ» ይላል። ትንሽ ሲቆይ «ሰበቤ»፣ «ገንዘቤ» ይመጣሉ። «ገንዘቤ» ላይ ክፍሉ ይስቃል፤ ግን ደብዳቤና ገንዘብ አንድ ላይ ሲመጡ ግጥሙ ልጁ ያላሰበው ቦታ ሊወስደው ይችላል። ቤት መምቻ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሐሳብን ከለመደው መንገድ ያስወጣዋል። አንድ ወጥመድ ይጠብቁ፤ ስሙ ላይ «–ሽን» ወይም «–ዬን» ተለጥፎበት ካለቀ፣ ያው የጭራ ቤት በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ሌላው የተለመደ ብልሽት መሙያ ቃል ነው። 6 ቀለም ለመድረስ አንድ ሲጎድላቸው «እኮ»፣ «ደግሞ»፣ «በጣም»፣ «እንኳን» ይሰገሰጋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቃሉን ያውጡት። የጎደለው ቆጠራው ብቻ ከሆነ፣ ቃሉ መሙያ ነበር። «የሚ»ን ወደ «ሚ» ማሳጠርን በአንድ ግጥም አንዴ ይፍቀዱላቸው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሐረጉ ከመጀመሪያው ጠቦ ነበር፣ መሠራት ያለበት እንደገና ነው።

«ስለ ፍቅር ግጥም ጻፉ» አይበሉ፤ ስለ ሰላምም፣ ስለ እናትም አይበሉ። ትልቅ ርዕስ ትልቅ የተለመደ ቃል ይጠራል። ይልቅስ ሦስት ትንንሽ ነገር ይስጡ፦ አንድ ዕቃ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ የሌለ ሰው። መጀመሪያ ያለ ምንም ምጣኔ ስለ ዕቃው 10 ማስታወሻ በዝርው ይጻፉ፤ ቀለሙ፣ ሽታው፣ የተጫረበት ቦታ፣ ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ። የስሜት ስም የለም፤ «ሐዘን»፣ «ናፍቆት»፣ «ደስታ» ለዚያን ቀን ተከልክለዋል፤ «ልቤ»፣ «እንባዬ» እና «ጽጌረዳ»ም ዕረፍት ይውጡ። ከ10ሩ ማስታወሻ 2 ይመረጥና 2 ስንኝ ይሠራበታል። በማግስቱ 4 ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት 8 የደረሰ ደርሷል፤ 4 ላይ የቀረ ልጅም ያልደረሰ አይደለም።

ረቂቁ ክፍል ውስጥ፣ ደብተር ላይ፣ ስርዙ ሳይጠፋ ይጻፍ። ይህ ከስልክ የተቀዳን ግጥም ነገር በአብዛኛው ይፈታል፤ የተቀዳ ግጥም ስርዝ የለውም። ጥንድ ሆነው ሲተያዩ «ጥሩ ነው» ማለት የተከለከለ ይሁን። ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩ፦ ደብተሩ ሲዘጋ ያስታወሱትን ቃል፣ እና ሲያነቡ ምላሳቸው የተደናቀፈበትን ቦታ።

ስምንቱን ክፍለ ጊዜ እንዲህ ቢከፍሏቸው ይበቃል። የመጀመሪያው ለመስማትና ለንባብ፣ ሁለተኛው ለቆጠራና ለማጥበቅ፣ ሦስተኛው ለቃል ማጉደልና ለትርጉም ክርክር ይሁን፤ በአራተኛው የትንታኔ አንቀጽ ይጻፋል። ከ5 እስከ 7 ያሉት ለዕቃው፣ ለ2 ስንኝ፣ ለ4 ስንኝና ለማሻሻል ናቸው። በስምንተኛው እያንዳንዱ ልጅ በቃሉ የያዘውን 4 ስንኝ ለጎረቤቱ ይላል፤ የፈለገ ደግሞ ለክፍሉ። ከዘይቤዎች የሚያስፈልጉት በየመንገዱ የተገኙት ብቻ ናቸው። ባዶና ሙሉ ሲነሣ ተቃርኖ፣ ጣራው ሲሰማ ሰውኛ ይባላል። ሌሎቹ የሚገኙበት ግጥም እስኪመጣ ይጠብቁ።

ማርኩን ከ20 ያድርጉት። ለትንታኔው 10፦ አባባል 2፣ ማስረጃ 3፣ አሠራርና ውጤት 4፣ ቋንቋ 1። ለግጥሙ 10፦ ስርዝ ያለበት ረቂቅ 4፣ ልጁ ራሱ የመረጠውን ምጣኔ መጠበቁ 2፣ የሚታይ ወይም የሚሰማ ነገር 2፣ አንድን ቃል ለምን እንደለወጠ በ3 መስመር ማስረዳቱ 2። ለ«ውበት» ማርክ የለም። ካለ፣ ልጆቹ እርስዎ የሚወዱትን እየገመቱ ይጽፋሉ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ብቻ ያርሙ፤ 54 ወረቀት በ2 ደቂቃ 108 ደቂቃ ነው፣ ይቻላል። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ላርም ካሉ አይቻልም፤ ልጁም ቀይ ቀለም ብቻ ነው የሚያየው።

ግጥም ሲጻፍ አንዳንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ ያለውን ችግር ያወጣል። ማንንም ጮክ ብለህ አንብብ ብለው አያስገድዱ፤ የማይነበብ ገጽ ጥጉ እንዲታጠፍ ከመጀመሪያው ቀን ይስማሙ። የታጠፈውን ገጽ እርስዎ ብቻ እንደሚያዩትም ይወቁ። የጉዳት ምልክት ካዩ ግን ጉዳዩ የግጥም እርማት አይደለም፤ ልጁን ለብቻ ያነጋግሩ፣ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋርም ይነጋገሩ። ይህንንም ሲጀምሩ ይንገሯቸው፤ ምስጢር እጠብቃለሁ ብለው ቃል አይግቡ።

ባዶ ወረቀት የሚሰጡዎት ልጆች ብዙውን ጊዜ ነጩ ገጽ የበዛባቸው ናቸው። ለእነሱ ገጹን ያጥብቡት። ግማሹን ስንኝ እርስዎ ይስጡ፦ «መስኮቱ ተከፍቷል፣ ____»፣ «ሰዓቱ ቆሟልና ____»፣ «ጫማው ከበር ቆሞ፣ ____»። የሚጠበቅባቸው 6 ቀለም ብቻ ነው፤ 2 ወይም 3 ቃል። የመጣውን ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፣ ክፍሉም በጣቱ ዴስክ እየመታ ይቁጠረው። 5 ወይም 7 ከሆነ «ተሳስቷል» አይባልም፤ «የትኛውን ቃል እንለውጥ?» ይባላል፤ ጻፊው ደብተሩን ያወጣና ከእነሱ ጋር አብሮ ይሠራዋል።